በሙኒክ የአሮጌ ዕቃ ተራ

ከፍራንክፈርት ሙኒክ የሌሊት አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ እንቅልፍ ግን የለውም። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ቺፕስ ሲያንኮሻኩሽ አነጋ። ፎቶግራፍ አንሺው ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል በ1855 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ በእጅ የታረመና ያልታረመ ፎቶ ጎን ለጎን ያሳየው ከሙኒክ ሄዶ ነው።

ማሪያሂልፍ አደባባይ፣ አውየር ዱልት ገበያ ላይ የኔጋቲቭ (ጥቁሩና ነጩ ተገልብጦ የሚታይበት፣ ፎቶ የሚታተምበት ምስል) ማረሚያ ጠረጴዛ አገኘሁ። በማጠፊያ የተያያዙ ሦስት ጣውላዎች ናቸው፦ ከታች ብርሃን ወደ ላይ የሚመልስ መስተዋት፣ መሃል ኔጋቲቩ የሚያርፍበት ደብዛዛ መስታወት፣ ከላይ ዓይንን የሚከልል ክዳን። ሻጩ 180 ዩሮ አለኝ፤ ያውም መስተዋቱ ተሰንጥቆ! መርካቶ ቢሆን በግማሹ እጀምር ነበር፤ እዚህ ግን ሰው የተባለውን ዝም ብሎ ሲከፍል አየሁ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት አሮጊት በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ውስጥ ይህንኑ ይሠሩ ኖሮ፣ ሳልጠይቃቸው ያስረዱኝ ጀመር።

እርሳስ ኔጋቲቭ ላይ ጥቁረት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ እዚያ የጠቆረው ሲታተም ይነጣል። የጥንቱ ኮሎዲየን፣ መስታወት ላይ የሚቀባው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ቀይና ቢጫ ስለማያይ ጠቃጠቆ ሁሉ ሕትመቱ ላይ ጠቁሮ ይወጣ ነበር፤ ኔጋቲቩ ላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍት ነጥብ ይሆናል። አራሚው ነጥቡን ከዙሪያው እኩል እስኪሆን ይሞላዋል።

አሮጊቷ የሠሩት ግን በኋላ በመጣው፣ ጀላቲን በተቀባ ኔጋቲቭ ላይ ነው። ልሙጥ ስለሆነ እርሳስ አይዝም፤ በተርፐንታይን የሟሟ የዳማር ዛፍ ሙጫ በጨርቅ ጠብታ ያህል ተወስዶ በክብ በክብ ይታሻል። ከበዛ ይጣበቅና እርሳሱን ይይዛል፤ ካነሰ እርሳሱ ይንሸራተታል። ከተበላሸ በተርፐንታይን ጠርጎ እንደገና ነው። እርሳሱ ጠንካራ፣ ከ2ኤች እስከ 4ኤች፣ ግራፋይቱ 3 ሴንቲሜትር ያህል ወጥቶ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መርፌ የሾለ። እጅ ሳይጫን ነጠላ ሰረዝ የሚያካክሉ ጭረቶች ይደራረባሉ። ካለፈ ግን ሕትመቱ ላይ ነጭ ነጥብ ይወጣል፤ ያኔ እያንዳንዱን ፎቶ በብሩሽና በቀጠነ ቀለም መንካት ግድ ነው።

የዓይን ሥር ሽብሽብ ይለዝባል እንጂ አይጠፋም፤ ከጠፋ ፊቱ ሸክላ ሆነ ማለት ነው። ሕትመቱን ማጥቆር ሲያስፈልግ የኔጋቲቩ ሽፋን በቢላዋ በስሱ ይፋቃል። የተፋቀ ስለማይመለስ ቢላዋው መጨረሻ ላይ ነው የሚነሣው።

ጠረጴዛውን ትቼ ሁለት የመስታወት ኔጋቲቮች በ15 ዩሮ ገዛሁ። አንዱ ጉንጩ ላይ እርሳሱ ከነሙጫው አለ። ሌላውን አራሚው አብዝቶበት የአፍንጫው ጥላ ጠፍቷል።