ፎቶ አሳድጌ ለቅሶ ተቀመጥኩላችሁ

እኔ እንግዲህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰው ፎቶ ነው የምሰበስበው፣ ያውም ወጣ ወጣ ያለውን። ኦርጅናል የምገዛበት ዶላር ከየት ይምጣ፣ አብዛኛው ፕሪንት ነው፣ አንዷን ብቻ የአክስቴ ልጅ ከውጭ አምጥታልኛለች፣ ቆርቆሮ ላይ የተነሳች (ድሮ ስስ ብረት ላይ ያነሱ ነበር፣ ማግኔት ስታስጠጉበት ይይዛል)። ሕፃን ቁጭ ብሏል፣ ከኋላው ከራስ እስከ እግር ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ሰው አቅፎታል። ጂኒ እንዳይመስላችሁ፣ እናቱ ናት። ያኔ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሰከንዶች ይፈጃል፣ ልጅ ከተነቃነቀ ደግሞ ፊቱ ድብዝዝ ይላል፣ እና እናትየዋ ትይዘዋለች፣ ፎቶው የልጁ ብቻ እንዲሆን እሷን ይሸፍኗታል። ለትልቅ ሰውማ ከኋላ ጭንቅላት ደግፎ የሚይዝ ብረት ነበራቸው።

ይቺን ፍራንኮ አካባቢ ፎቶ ቤት አሳድጌ፣ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገብቼ፣ በጋዜጣ አስጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ሰፈር ስደርስ ጋዜጣው የለም። አቧራው ዓይኔ ገብቶ እንባዬ እየወረደ፣ ፍሬሙን ደረቴ ላይ አቅፌ ስወርድ ጎረቤታችን እማማ በር ላይ ቆመዋል። ፎቶውን አዩ። እኔን አዩ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ልጄን! መች ወልደህ መች ቀበርከው!»

አቧራ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ሳግ መሰላቸው። ፊቴን ታጥቤ እስክወጣ ግቢው ሞልቷል፣ የዕድሩ አግዳሚ እየገባ ነው፣ ንፍሮ ተጥዷል። ኧረ ማንም አልሞተም ስል «ደንግጦ ነው፣ ውሃ ስጡት» ይባላል። በስንት መከራ የድሮ ፈረንጅ ልጅ ነው፣ አላውቀውም አልኩ።

«በሕይወት አለ?» አሉኝ እማማ።

«ኧረ የለም፣ ስንት ዘመኑ።»

«እንግዲያው!» ብለው ተመልሰው ቁጭ።

ከጨርቁ ስር ያለችው እናቱ ናት ስል ደግሞ ባሰ፣ ሴቶቹ በሙሉ ተቆጡ፣ ወልዳ አጥብታ እንዲህ ትሸፈን ብለው ለእሷም ደረት ተመታላት። ወንዶቹ መጨረስ ፈልገው ሰዓት ማየት ሲጀምሩ ነው አንዱ ጉደኛ ግድግዳዬ ላይ የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ ያየው፣ ያንን ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ዋይት ደሴት ላይ ያነሳችውን። አባቱ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት ዓመት ነው እኮ፣ የ7 ዓመት ልጅ፣ ፊቱን አይቶ ሆዱ የማይባባ የለም። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ አፌ አላርፍ ብሎ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ሊድስ መሞቱን፣ ዊንዘር መቀበሩን፣ አፅሙ ይመለስ ሲባል በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እምቢ ማለቱን ነገርኳቸው።

ከዛ በኋላማ ማን ይቻለው፣ የእውነት ለቅሶ ሆነ፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ሂሳቡን ሊቀበል መጥቶ አልቅሶ ንፍሮ ዘግኖ ሄደ (ሂሳቡን ተቀብሎ ነው ታዲያ)።

ማታ የዕድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ መጣ። የባቄላና የስንዴው ወጪ በማን ስም ይጻፍ አለኝ፣ እኔ ገና ሳስብ እማማ ከጓዳ ሆነው «ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በል» አሉት። ጻፈው።