የቴስት ጊዜ ገደብ ላይ የተሳሳትኩት

ብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ ፍሰት) የሚያሯሩጥ የጃቫ ኮድ ያለ ጊዜ ገደብ አይፈተሽም። ሁለት ትሬዶች አንዱ የሌላውን ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘው መቆለፊያ) እየጠበቀ ከቀረ፣ ዴድሎክ የሚባለው ነው፣ ቴስቱ አይወድቅም፤ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ተራ የሚጠብቁትንም ያስቆማል።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ትሬድ ስሊፕን (ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብሎ መተኛትን) ከቴስቶቹ አውጥቼ በካውንትዳውንላች፣ ቆጣሪው ዜሮ እስኪደርስ ብቻ በሚያስጠብቀው ላች፣ ተካሁት። የፈጀውን ጊዜ የምለካው በከረንትታይምሚሊስ ሳይሆን በናኖታይም ነው፤ የማሽኑ ሰዓት ሲስተካከል የመጀመሪያው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ያቃጠለኝ ገደቡ ራሱ ነው። የጄዩኒት 5 (የጃቫ ቴስት ማስኬጃ) ታይምአውት አኖቴሽን (በቴስቱ ላይ የሚጻፍ የጊዜ ገደብ ምልክት)፣ አሠራሩ ካልተቀየረ፣ ጊዜው ሲያልቅ ቴስቱን የያዘውን ትሬድ ኢንተራፕት ከማድረግ፣ ማለትም «አቁም» የሚል መልእክት ከመላክ፣ አያልፍም። ትሬዱ ሲንክሮናይዝድ የተባለው የጃቫ ሎክ በር ላይ ቆሞ ከሆነ ኢንተራፕቱን አይሰማም። የሪኤንትራንትሎክ (ሌላው የጃቫ ሎክ ዓይነት) ተራው ሎክ የተባለ ትእዛዝም እንዲሁ ነው፤ የሚሰማው ሎክኢንተራፕቲብሊ ወይም ጊዜ የተሰጠው ትራይሎክ ነው። ስለዚህ ገደብ ተጽፎበትም ቴስቱ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አሰርትታይምአውትፕሪኤምፕቲቭሊ ወደሚባለው የጄዩኒት ትእዛዝ የዞርኩት ያኔ ነው፤ ባልዞርኩ። እሱ ኮዱን በሌላ ትሬድ ላይ ያስኬዳል። የስፕሪንግ (የጃቫ ማዕቀፍ) የቴስት ትራንዛክሽን፣ በቴስቱ ዳታቤዝ ላይ የተጻፈውን በአንድ ላይ የሚይዘው፣ ግን የታሰረው ቴስቱን በጀመረው ትሬድ ላይ ነው። በሌላው ትሬድ ወደ ዳታቤዝ የገባው ረድፍ ከዚያ ትራንዛክሽን ውጭ ስለሆነ ሮልባክ (ቴስቱ ሲያልቅ የተጻፈውን መልሶ መሰረዝ) አያገኘውም፤ እዚያው ይቀራል። ከዚያ የሚወድቀው ጥፋተኛው ቴስት ሳይሆን ቆይቶ ያንኑ ቁልፍ ሊያስገባ የሚሞክር ሌላ ቴስት ነው። ብቻውን ሲሄድ ያልፋል፣ ከሌሎቹ ጋር ይወድቃል። በዚያ ላይ ጊዜው ያለቀበት ትሬድ አይሞትም፤ የሚላክለት ያው ኢንተራፕት ነው። ሎኩን እንደያዘ ቀጣዩን ቴስት ይበክላል። የትራንዛክሽኑ ጉዳይ በጄዩኒት መመሪያ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ሳላነብ መቀየሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

«እያንዳንዱ ቴስት በ1 ሰከንድ ይጠናቀቅ» የሚለውን የቡድን ሕግም አልቀበለውም። 1 የፕሮሰሰር ኮር የተፈቀደለት ኮንቴይነር (ፕሮግራም በተወሰነ አቅም ተለይቶ የሚሄድበት ሳጥን)፣ ሊኑክስ በተለመደው የ100 ሚሊሰከንድ ዙር ሲቆጥርበት፣ 4 ትሬዶች በ4 ኮር ላይ ከተጉ የዙሩን የ100 ሚሊሰከንድ የኮር ጊዜ ድርሻውን በ25 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ ቀሪውን 75 ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። ኮዱ ሳይበላሽ ቴስቱ ይወድቃል። ፍጥነት ለብቻው ይለካ። መንጠልጠልን ለመያዝ የማስቀምጠው 60 ሰከንድ ነው፤ ላቹ ዜሮ እንደደረሰ ስለሚለቅ የሚያልፍ ቴስት ከዚህ አንድም ሰከንድ አይከፍልም።

የላቹን አዌይት (የመጠበቂያ ትእዛዙን) ውጤት ሳትፈትሹ አትለፉ። ጊዜው ሲያልቅ ኤክሴፕሽን አይወረውርም፣ ፎልስ ብቻ ይመልሳል፤ ካልታየ ቴስቱ አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል። በሌላ ትሬድ ውስጥ የወደቀ አሰርሽንም (የቴስት ማረጋገጫ) ቴስቱን አይጥለውም፤ ሥራውን በፊውቸር (ውጤቱን ወይም ስሕተቱን በኋላ በሚያስረክበው) ላኩትና ጌት በሚለው ትእዛዙ፣ ጊዜ ወስናችሁ፣ ተቀበሉት።

ከሁሉ በላይ ሳታዩት አትግደሉት። አሁን የጃቫውን ሂደት በሙሉ የማስኬደው በሊኑክሱ ታይምአውት ትእዛዝ ሥር ነው፦ በ600 ሰከንድ የኩዊት ሲግናል፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ወዲያው የሚገድለው ኪል። ጃቫ ኩዊት ሲደርሰው አይሞትም፤ የሁሉንም ትሬዶች ስታክ (እያንዳንዱ ኮዱ ላይ የት እንደቆመ) ያትማል፣ ዴድሎክ ካለም የትኛው ትሬድ የትኛውን ሎክ እንደያዘ በስም ይጽፋል።