ክራሩን ማን አጠበቀው?

በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚካሄድ ነው። ዓሣ አጥማጁ በጀልባው ይወጣል፣ መረቡን ይጥላል፣ ቆሮሶና አምባዛ ይይዛል፤ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ሲመለስ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ሳይቀድሙት ዓሣውን ማስረከብ አለበት። ሥዕሉ ያን ያህል አያስመካም። ድምፁ ግን ከዚሁ ከአካባቢው የተለቀመ ነው፤ የቀዘፋውን ድምፅ፣ የገበያውን ጫጫታና አባ ኮዳ መንቁሩን ሲያንኳኳ የሚያሰማውን በስልኬ ቀድቻለሁ። ከበስተጀርባ የሚሰማውን ትዝታ ደግሞ ጎረቤታችን የሆኑ ክራር ተጫዋች ተጫውተውልኛል።

እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ሲሰማ ጥርት ያለ ነበር። ጨዋታው ውስጥ ሲገባ ግን ይሻክራል፣ ይንጣጣል፣ አንዳንዴም ያጉረመርማል። መካሪ አልጠፋም፤ አንዱ ስፒከር ቀይር አለኝ፣ ሌላው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫን አለኝ። እንዲህ ያለውን ምክር አልወደውም፤ ቢሳካ እንኳ ምን እንደተስተካከለ ሳይታወቅ ይቀራል። ያው ላፕቶፕ ዘፈን ሲያጫውት እንከን ከሌለበት ችግሩ መፈለግ ያለበት ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮዱን ከመነካካቴ በፊት ድምፁ መቼ መቼ እንደሚበላሽ ማስታወሻ ያዝኩ። ከማስታወሻው የተረዳሁት ብልሽቱ አንድ አለመሆኑን ነው።

ሻካራው ጩኸት የሚመጣው ገበያው ሲደምቅ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ድምፆች ሲደራረቡ ብቻ ነበር። በ16 ቢት የተቀዳ ድምፅ የቁጥሮች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ-32768 እስከ 32767 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ድምፆችን መቀላቀል ደግሞ ቁጥሮቹን መደመር ነው። በአንዲት ቅጽበት የገበያው ጫጫታ 20000፣ የአባ ኮዳው ኳኳታም 20000 ላይ ቢሆኑ ድምሩ 40000 ይሆናል። ይህ በ16 ቢት አይያዝም። ኮምፒውተሩ ግን ሞላብኝ ብሎ አያቆምም፤ ዞሮ -25536 አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሽቅብ ይወጣ የነበረው ሞገድ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይፈጠፈጣል፤ ጆሮን የሚጠርበው ያ ነው።

ድምሩን በ32 ቢት ሠርቼ ከክልሉ ያለፈውን ጫፉ ላይ እንዲቆም አደረግሁ። ጩኸቱ ወዲያው ለዘበ፣ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድም ያው የተበላሸ ሞገድ ነው፤ ጆሮ ላይ ያለው ጭካኔ ግን ይቀንሳል። ቁርጥ ያለው መፍትሔ እያንዳንዱን ድምፅ ከመደመሩ በፊት ዝቅ ማድረግ ነው። ክራሩን በግማሽ፣ ጫጫታውን ወደ ሩብ አወረድኩት። ጨዋታው ድምፁ አነሰ የሚል ሰው ስፒከሩን ከፍ ያድርግ።

ጉርምርምታው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተፈታ። ጨዋታውን የምጽፈው በሲ ቋንቋ ሲሆን ድምፁን የማስተላልፈው ኤስዲኤል በሚባል ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ባዘጋጁት የኮድ ስብስብ ነው። ኤስዲኤል ባፈር የሚባለውን ጊዜያዊ ቋት ለፕሮግራሙ ሰጥቶ ሙላልኝ ይለዋል። በዕትም 1.2 ዘመን ቋቱ የሚመጣው ተጠርጎ ነበር፤ እኔ በምጠቀምበት በ2.0 ግን የቀደመው ድምፅ ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። በአሮጌው ትምህርት መሠረት የተጻፈ እንደ እኔው ያለ ኮድ አዲሱን ድምፅ እዚያ ቅሪት ላይ ይደምረዋል። ቋቱን መጀመሪያ በዜሮ የሚሞላ አንድ መስመር በቂ ነበር።

መንጣጣቱ ግን አደከመኝ። ማስታወሻዬ ላይ ደጋግሞ የሰፈረው ከመብራት መጥፋት ጋር ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ይብሳል። መጀመሪያ ላይ ግጥምጥሞሽ መሰለኝ። ለማጣራት ሁሉንም ድምፅ አጥፍቼ በቦታው 440 ሄርትዝ የሆነ ወጥ ቃና የሚያመነጭ ኮድ ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙ ወደ ቋቱ የሚልከውንም በዚያው ቅጽበት ወደ ፋይል እንዲገለብጥ አደረግሁ። ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቼ ሞገዱን አጉልቼ ሳየው አንድም ስብራት የለበትም። ከስፒከሩ የሚወጣው ግን ይንጣጣል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የሚደርሱት ግን ዘግይተው ነው ማለት ነው። ከሁሉም ሙከራ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ፍለጋውን ከስሌቱ አውጥቶ ወደ ሰዓቱ ወሰደው።

ቋቱ 512 ናሙና፣ ማለትም ከላይ ካልኳቸው ቁጥሮች 512ቱን፣ የሚይዝ ነበር፤ ይህም ወደ 11 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቋቱ ካልተሞላ ድምፁ ይቋረጣል፤ የሚንጣጣውም መቋረጡ ነው። ቋቱን የሚሞላው ፈንክሽን (የኮዱ ክፍል) ደግሞ አዲስ ድምፅ ሲያስፈልግ ፋይሉን ከዲስክ ያነብ ነበር። መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከመሙላቱ በፊት ሰዓቱ ያልፋል። አጫጭሮቹን ድምፆች በሙሉ ጨዋታው ሲጀምር ሜሞሪ ላይ እንዲጫኑ አደረግሁ፤ ቋቱንም ወደ 1024 አሳደግሁት። ለምን 4096 አይሆንም ለሚል፣ ሞክሬው ነበር፤ መዘግየቱ ወደ 90 ሚሊ ሴኮንድ ይደርስና መረቡ ውኃውን ከነካ በኋላ ነው የሚንቦጫረቀው።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ ለጎረቤታችን ላሰማቸው ጠራኋቸው። ጥቂት አዳምጠው ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ትዝታ ነው፣ አዎን። ግን ክራሬን ማን አጠበቀው?»

«ማንም አልነካውም ጋሼ፤ እርስዎ የተጫወቱት ራሱ ነው።»

«ልጄ፣ የክራሬ ድምፅ ይጠፋኛል ብለህ ነው?»

ክራራቸውን አምጥተው እንደ ቀረጻው ቀን ቃኝተው አብረው ሲመቱ በእርግጥም አልገጠመም። የጨዋታው ከፍ ብሏል። ቅኝቱ አልፈረሰም፤ ምክንያቱም ሁሉም ክሮች በእኩል ምጣኔ ሽቅብ ከሄዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። እኔን ያታለለኝ ይኸው ነው። 440 ሄርትዝ ያልኩት ቃናም ለካ 479 ገደማ ሆኖ ሲወጣ ሰምቼው አልፌዋለሁ፤ ፋይሉ ደግሞ ይህን ሊያሳይ አይችልም፣ ቁጥሮቹ እነዚያው ናቸውና።

የስልኬን የሰዓት መቁጠሪያ ከፈትኩ። የ60 ሴኮንዱ ዜማ በ55 ሴኮንድ አለቀ። 55 ለ60 ማለት 44100 ለ48000 ያህል ማለት ነው። ቀረጻው በሴኮንድ 44100 ናሙና አለው፤ የላፕቶፑ የድምፅ ካርድ ግን የሚሠራው በ48000 ነበር። ኤስዲኤል መሣሪያውን ሲከፍት የተጠየቀውንና የተገኘውን ለየብቻ ያሳውቃል። ኮዴ ግን የናሙናው መጠን እንዲለወጥ ፈቅዶ የተገኘውን አያነብም ነበር። ፈቃዱን ዜሮ ካደረግሁት በኋላ ልወጣውን ላይብረሪው ራሱ ይሠራዋል። በማግስቱ እንደገና ሳሰማቸው ጋሼ ክራራቸውን አብረው መቱ፤ ገጠመ። ከዚያ መሀል ላይ አቁመው አንደኛው ክር በቀረጻው ላይ ትንሽ ረግቧልና እንደገና እንቅዳው አሉኝ።

ወጡን ቃና አልሰረዝኩትም፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይሰማል። ጨዋታው ሲከፈትም የተጠየቀውንና የተገኘውን የናሙና መጠን፣ የቋቱን ስፋት፣ ሲዘጋ ደግሞ የታየውን ትልቁን ድምር ይመዘግባል። ጨዋታውን የሚሞክሩ ጓደኞቼ «ይንጣጣል» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን መዝገብ እንዲልኩልኝ ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ የሚጫወቱት ሰዎች የሚያነሡት መዘግየት ግን ገና አለ። ቋቱን ማሳነሱ ብዙም አልረዳም፤ ትልቁ መዘግየት ከማዳመጫው ማስተላለፊያ ነው። ለጊዜው ባለ ገመዱን ተጠቀሙ እያልኩ ነው።