ቦታውን ለወሰደው ልጅ

ሰሞኑን ሆድ ብሶኛል። በአንድ ነገር ላይ ማሳበብ አልችልም። ቀኑ አጥሯል፤ ከሥራ ስወጣ ጨልሞ ነው የሚጠብቀኝ። ሰውም ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ማን ከማን ይጫወታል? ዛሬ ማታ ግን የባሰብኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ከሳሎን የሰማሁት ነገር ነው።

«አትጠብቀው። እስኪዞር ከጠበቅከው አልፎሃል።»

ተናጋሪው ልጄ ነው። የሚነግረው ደግሞ በትምህርት ቤታቸው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ቦታውን ለወሰደው ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበቱ የሄደው ኦገስት ላይ ነው፣ ውድድሩ ገና ሳይጀመር። ማንም አልነካውም። ሊዞር ሲል እግሩ ሣሩ ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ጉልበቱ ብቻውን ዞረ። ኤምአርአይ ሲነሳ ኤሲኤል የሚሉት ጅማት ተበጥሷል። ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ክራንች፣ ፊዚካል ቴራፒ። ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈጃል ተባልን። የሃይስኩል ፉትቦል ደግሞ በመኸር ተጀምሮ በመኸር ያልቃል። እሱም ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። «ለከርሞ» የሚባል ነገር የለውም ማለት ነው።

ቦታውን የወሰደው አስረኛ ክፍል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ገና የሕፃን። ቤታችን ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ሽሮ ይወዳል። ልጠላው ብፈልግ እንኳ መንገድ አልተወልኝም።

ሁለቱ ሶፋው ላይ ተደግፈው ላፕቶፕ ይከፍታሉ። የኔው እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ቪዲዮውን ያስኬዳል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። «ኳሱ ሳይነሳ አቁመው። ምን አየህ?» ይላል። ልጁ ዝም። «ሁለቱን ሴፍቲዎች፣ የኋላ ተከላካዮቹን፣ እያቸው። ሁለቱም ወደ ኋላ ርቀው ቆመዋል አይደል? አሁን የቀኙን እግር እይ። ጣቱ ወዴት ነው የዞረው?» ልጁ ወደ ስክሪኑ ይጠጋል። «ወደ ፊት ሊወርድ ነው!» ይላል። «እንግዲህ ኳሱ ሲነሳ ኋላ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ታዲያ ማን ባዶ ይሆናል?»

እኔ ፉትቦል አላውቅም። ማስተማር ምን እንደሚመስል ግን አውቃለሁ። መልሱን አይነግረውም፤ ጠይቆ ይጠብቀዋል። ጎረምሳ ልጅ ይህን ያህል ትዕግሥት ከየት አመጣ? ክፍሉን አጽዳ ሲሉት የሚነጫነጭ ልጅ ነው እኮ።

ኳርተርባክ የሚባለው የልጄ ቦታ፣ ኳሱን ለተቀባዮቹ የሚወረውረው፣ ከውጭ ሲያዩት የክንድ ሥራ ይመስላል። ከነዚህ ልጆች ስሰማ ግን ክንዱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ተከላካዮቹ እንዴት እንደቆሙ ማንበብ አለ። ማን ሰብሮ ሊመጣ እንደሆነ መገመት አለ። የገዛ ጓደኞችህን ቦታ ማስተካከል አለ። ከዚያ አንደኛውን ተቀባይ ታያለህ፣ ተይዟል፤ ሁለተኛው፣ እሱም ተይዟል፤ ሦስተኛው። ይህ ሁሉ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ አንድ ግዙፍ ሰው እየሮጠብህ። በኤንኤፍኤል፣ በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ አሰልጣኙ ኳርተርባኩን በሄልሜቱ ውስጥ ባለ ሬዲዮ ያናግረዋል። ግን ኳሱን ለማስነሳት ከሚሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀር ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ብቻህን ነህ። ይህን ልጄ ሲነግረኝ በጣም ገረመኝ። የሚያስፈልግህ ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው።

ስለዚህ ተቀምጦ መማር የሚቻለው ብዙ ነው። ዓይን በወንበር ላይም ይሠለጥናል። እግር ግን አይሠለጥንም። ኳሱን ተቀባዩ ሳይዞር መልቀቅ፣ ጎድንህ ላይ ሰው እያለ ተረጋግቶ መቆም፣ እነዚህ ሜዳ ላይ ካልሆነ አይገኙም። የኔው አሁን ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። እሱንም ለሌላ ልጅ እየሰጠው ነው።

ማን አዘዘው? አሰልጣኙ ያለው ከስብሰባ እንዳትቀር፣ ማሊያህን ለብሰህ ከጎናችን ቁም ብቻ ነው። ዓርብ ማታ ከሜዳው ዳር ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ እስከዚህ ድረስ ይገባኛል። ማክሰኞ ማታ ቤት ድረስ ጠርቶ ማስጠናቱ ግን የራሱ ነው። አባቱ ኮርቷል፣ አላፊ አግዳሚውን አቁሞ ያወራል። እናቴ በስልክ «በቃ ተረፈ በሉ፣ ሁለተኛ እንዳታስገቡት» ትላለች። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ዓርብ ማታ ሕዝቡ የትንሹን ልጅ ስም እየጠራ ሲጮህ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይደፋብኛል። አጨበጭባለሁ፣ ዓይኔ ግን ክራንቹ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። «ለምንድነው እንዲህ የምትለፋለት?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀና «አሌክስ ስሚዝ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ይህን ስም ቤታችን ሁሉ ያውቀዋል። ኖቬምበር 18 ቀን 2018 ወንድሜ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዋሽንግተን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ላይ ከሂውስተን ጋር ይጫወታል። የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ስሚዝን ሁለት ተከላካዮች ሲጥሉት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ወንድሜ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ልጄ ያኔ አስር ዓመቱ ነው፣ ግን ጊዜ አልነበረም፣ አይቶታል። ጆ ታይዝማን የተባለው የዱሮ የዋሽንግተን ኳርተርባክ እግሩ የተሰበረውም በዚያው ቀን ነበር፣ ኖቬምበር 18፣ በ1985። ሁለቱም ጨዋታዎች ያለቁት 23 ለ 21 ነው። ታይዝማን ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ነበር። ወንድሜ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ያማትባል።

የስሚዝ ቁስል አመረቀዘ፣ መርዙ ወደ ደሙ ገባ። እግሩን እንቁረጥ ወይስ እናትርፍ እስከሚባል ደረሰ። 17 ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። እንግዲህ ሁሉም የሚያወራው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ኦክቶበር 11 ቀን 2020 ያው ሜዳ ላይ ተመልሶ ገባ፤ በዚያው ዓመት ቡድኑን ይዞ የምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ሽልማት ተሸለመ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ልጄን የያዘው ግን ይህ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው ነው። እኔም እሱን ለመረዳት ብዬ ማንበብ ጀመርኩና አሁን እንቅልፍ እያጣሁበት ነው።

ስሚዝ በ2005 ሊጉ አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ ከሁሉም አንደኛ ተመርጦ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ብዙ ዓመት ተሰደበ፣ ትከሻው ተጎዳ፣ 2008ን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ቀስ ብሎ ግን ጥሩ ሆነ። በ2012 እንዲያውም በጣም ጥሩ ነበር። ኖቬምበር ላይ ጭንቅላቱን ተመታና ወጣ። ወጣቱ ኮሊን ካፐርኒክ ገባ። ስሚዝ ሐኪም ተጫወት ብሎት ሲመለስ አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ ወጣቱን መርጦ ጠበቀው። ያጠፋው ነገር የለም። ተጎዳ፣ ይኸው ነው። ስሜቱንም አልደበቀም፤ ጥፋቴ ጭንቅላቴን መመታቴ ብቻ ነው ብሎ ተናግሯል። ግን ወጣቱን አልተወውም፤ ማገዙን ቀጠለ። ቡድኑ ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ ደረሰ፣ 34 ለ 31 ተሸነፈ። ስሚዝ ያን ሁሉ ከጎን ቆሞ አየ።

አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ሰው ሁለተኛ ይለምዳል? እኔ ብሆን እጄን እሰበስባለሁ። እሱ ግን ካንሳስ ሲቲ ሄዶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ነገር መጣበት። በ2017 ቡድኑ ፓትሪክ ማሆምስ የሚባል ልጅ መርጦ አመጣ። አስረኛ ተመራጭ። ለምን እንደመጣ ስሚዝ ያውቃል፤ ለእሱ ቦታ ነው። ከስሚዝ ጎን አስቀምጦ ሊያሳድጉት ነው። በዚያ ዓመት ስሚዝ የሕይወቱን ምርጥ ውድድር ተጫወተ፣ 26 ጎል የሚያስገቡ ኳሶች ወርውሮ የተቀማው 5 ብቻ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ ልጁን አስተማረ። ሳምንቱን እንዴት እንደሚያጠና፣ የትኛውን ቪዲዮ መቼ እንደሚያይ፣ አንድ ኳርተርባክ ቀኑን በምን እንደሚሞላው። ማሆምስ ያን ዓመት የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ የመጨረሻዋን፣ ዴንቨር ላይ። በዓመቱ ስሚዝን ወደኛ ወደ ዋሽንግተን ሸኙት። ማሆምስ 50 ጎል ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ተባለ። ስሚዝ በዚያው ዓመት እግሩ ተሰበረ።

ማሆምስ ከስሚዝ ምን እንደተማረ ደጋግሞ ተናግሯል፣ አልካደውም። እሱ ጥሩ ነው። እኔን ግን የሚቆረቁረኝ ስሚዝ ነው። እያንዳንዱን ነገር ሲነግረው ቦታውን እየቆረሰ እየሰጠው እንደሆነ ያውቃል እኮ። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም። ደመወዙ ለመጫወት እንጂ ለማስተማር አይደለም።

አባቱ «የቡድን ጨዋታ ነው፣ ምን ይገርማል» ይላል። አይደለም። የኒው ኢንግላንዱን ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶን ያነሳብኛል፤ በ2001 ተመትቶ ደረቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሞት የነበረው። ቶም ብሬዲ የሚባል ስሙ ያልታወቀ ልጅ ገባና በዚያው ቀረ። ብሬዲ ፒትስበርግ ላይ እግሩን ሲጎዳ ብሌድሶ ገብቶ ጨዋታውን ጨረሰለት፤ ሱፐር ቦውሉን ግን ብሬዲ ተጫወተ። በዓመቱ ብሌድሶ ሌላ ቡድን ሄደ። ይህም ያው ታሪክ ነው። ሰዎቹ ተገድደው ሳይሆን እንዲህ አድርገዋል። ለምን እንዳደረጉት ግን «የቡድን ጨዋታ ነው» አይነግረኝም።

እንዲህ ሳስብ ነው እትዬ የመጡብኝ።

ስለሳቸው ሳልጽፍ አልቀረሁም። አረጋውያን መንከባከቢያው የገባሁ ጊዜ የኛ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ከባድ ሰው ሲያነሱ ጀርባቸው ሄዶ ላይት ዱቲ ላይ ነበሩ፤ ፎጣ ማጠፍ፣ ማብላት፣ ስልክ ማንሳት። እኔ የተቀጠርኩት እሳቸው ሊያነሷቸው በማይችሉት ሰዎች ላይ ነው። የሳቸው ኮሪደር፣ የሳቸው የጠዋት ሺፍት።

ሁሉን ነገር ያስተማሩኝ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወር ቀበቶውን የት እንደምይዝ። መጀመሪያ ዊልቸሩን እንድቆልፍ። «በጀርባሽ አይደለም ልጄ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወደ ደረትሽ አስጠጊው» ይሉኝ ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር እንዴት እንደሚወራ። አንዷ ጠዋት ጠዋት ቡና ሳትጠጣ ከተነካች ትጮሃለች፤ አንዱ ግራ ጆሮው አይሰማም፣ በቀኝ ቅረቢው። ይህ በማንም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። እሳቸው ባይነግሩኝ በመጀመሪያው ወር እባረር ነበር። የእንግሊዝኛዬን ነገር እንኳ እሳቸው ነበሩ የሚሸፍኑልኝ።

ጀርባቸው አልተመለሰም። ላይት ዱቲውም የሚያልቅበት ቀን ነበረው። ሺፍቱ የኔ ሆኖ ቀረ። በሱ ነው ቤት የተከራየነው፣ በሱ ነው አባቱ ትምህርቱን የጨረሰው፣ ልጁ የተወለደውም በሱ ኢንሹራንስ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ናቸው፣ ልጃቸው ጋ። በበዓል በበዓሉ እደውልላቸዋለሁ። ጤናቸውን እጠይቃለሁ፣ ስለ ጀርባቸው ያወሩኛል፣ መርቀውኝ ይዘጋል። ይህን ግን አንድም ቀን አንስቼባቸው አላውቅም። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሲያስተምሩኝ እንደማይመለሱ ያውቁ ነበር? ሥራው በኔ እጅ እንደሚቀር እያወቁ ነው ሁሉን የነገሩኝ ወይስ እመለሳለሁ ብለው፣ እስከዚያ ቦታዬን ትጠብቅልኝ ብለው? ሁለቱ በጣም የተለያየ ነገር ነው። ልጄም የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል። ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ እሳቸው ግን ያውቁታል፣ በሕይወትም አሉ።

የፊታችን ገና እደውላለሁ። ግን ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ እንዴት ብሎ ይጀምረዋል?