ቪኤልሲን ለቅኔ ቅጂ ማስተካከል

በደብረ ማርቆስ ብዙ ሰው ቪኤልሲን (VLC)፣ የኮምፒውተር የድምፅና የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራሙን፣ ከጫነ በኋላ ቅንብሩን ሳይነካ ይጠቀምበታል፤ እኔ ግን ጥቂት ማስተካከያ፣ በተለይ ቅኔ ለሚያዳምጥ ሰው፣ እጅግ እንደሚጠቅም አምናለሁ። ጎጃም የዋሸራና የዲማ የቅኔ ጉባኤያት አገር በመሆኑ በየበዓሉ በስልክ የተቀረጹ ቅኔዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ፤ ሆኖም ባለቅኔው ፈጠን ብሎ ሲዘርፍ ሰሙን ሳንይዝ ወርቁ ያመልጠናል። በዚህ ጊዜ የግራውን ማዕዘናዊ ቅንፍ ([) ቁልፍ መጫን ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሰዋል፤ የቀኙ ይጨምረዋል፤ የእኩል ይሆናል ምልክት ደግሞ ወደ መደበኛው ይመልሰዋል። ፕሮግራሙ ንባቡን ሲያዘገይ የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ስለሚጠብቅ የባለቅኔው ድምፅ አይጎረንንም፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ነው።

ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጡ የድሮ የሠርግ ምስሎች በሰፊ ስክሪን ላይ ወደ ጎን ከተለጠጡ፣ የ«ኤ» (A) ቁልፍን ደጋግሞ በመጫን የስፋትና የቁመት ምጥጥኑን 4:3 ላይ ማቆም ይበቃል።

የቪዲዮው የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ (ሰብታይትል) ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ከተተካ፣ በምርጫዎች ውስጥ ባለው የግርጌ ጽሑፍ ክፍል ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደላቱ በኮምፒውተር የሚነበቡበትን ስልት፣ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) ማድረግ ተገቢ ነው፤ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ከታዩ ግን ችግሩ የፊደል ቅርጹ ስለሆነ እንደ አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፎንት መምረጥ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ የ«ኤች» (H)፣ ከዘገየ የ«ጂ» (G) ቁልፎች በእያንዳንዱ ንክኪ 50 ሚሊሰከንድ ያስተካክሉታል።