ክንፍ የሌለው ፔርሙዝ

የምንሠራው የጠፈር ጌም ገና ስላልወጣ ስሙን አልጠራም፤ የፈረምኩት ወረቀት አለ።

ሦስት ሳምንት የለፋሁባት መንኮራኩር ነበረች። ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ ታንኮቿ በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ። የጌሙን መልክ የሚወስነው አርት ዳይሬክተራችን ስክሪኑ ላይ ሁለቴ አዟዟራትና «ክንፏስ?» አለኝ።

«ጠፈር ላይ አየር የለም። ክንፍ ምን ያደርግላታል?»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ያረፈችው እግሯን ያንፈራጠጠች ሸረሪት እንደምትመስል ነገርኩት። የሚያስፈልጋት ክንፍ ሳይሆን ራዲያተር ነው አልኩ። የመኪና ሞተር ሲፈላ ቢያንስ ንፋስ አለ። እዚያ ግን ሙቀት በጨረር መልክ ካልሆነ መውጫ የለውም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እነዚያን ሰፋፊ ነጫጭ ፓነሎች የዘረጋው ለዚሁ ነው፤ አሞኒያ ሙቀቱን ተሸክሞ እየወሰደ እዚያ ያራግፋል።

ሲያዛጋ ሳየው ፔርሙዜን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጠዋት ከቤት የቀዳሁት ሻይ አለበት።

«በሁለቱ ግድግዳ መሃል አየር ስለሌለ ነው ሻዩ የማይቀዘቅዘው። መንኮራኩሯም የምትኖረው እንዲህ ነው» አልኩት። በምሳሌዬ ኮራሁ። ሰው ሰምቶልኝ እንደሆነ ሁሉ ዞር ብዬ አየሁ።

አነሳው። ክዳኑን አየ። ገልብጦ ቂጡን አየ። ቀስ ብሎ መለሰው።

«አየህ፣ ክንፍ የለውም» አለ። «ለዚህ ነው ማንም ሊያበርረው የማይፈልገው።»

ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅኩ።

ለነገሩ ልክ ነበር። ተጫዋቹ መንኮራኩሯን የሚያያት ከኋላዋ ነው። የእኔዋ ደግሞ ከኋላ ስትታይ ክብ ብቻ ናት፤ ከጠላቶቿ አትለይም። ይህን ያስረዳኝ ግን እሱ አይደለም፤ አኒሜተሩ ነው፣ ምሳ ላይ፣ በሁለት ደቂቃ።

ማታ ራዲያተሮቹን ወደ ኋላ ጋደል አድርጌ ዘረጋኋቸው። ሞተሩ ሲግል ጠርዛቸው ይቀላል። ሌላ ምንም አልነካሁም። ጠዋት ሲያያት «ይኸው! ክንፍ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ዝም አልኩት። ፋይሉ ውስጥ ግን ስማቸው እስከ ዛሬ «ራዲያተር ግራ» እና «ራዲያተር ቀኝ» ነው።

ባለፈው ወር ጌሙን ካስሞከርናቸው ልጆች አንዱ ቅሬታ ጻፈ፦ «ክንፏ ተመትቶ ወደቀ፣ እሷ ግን ምንም እንዳልሆነ ቀጥ ብላ ትከንፋለች። ይስተካከል።» ቅሬታው ወደ እኔ ተመራ። «ስህተት አይደለም፤ ጠፈር ላይ አየር…» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ፔርሙዙ አጠገቤ ነበር።

የጻፍኩትን አጠፋሁና ወደ ፕሮግራመሯ ሄድኩ። «እባክሽ፣ ክንፏ ሲወድቅ ትንሽ አንገዳግጃት» አልኳት።