የታካሚው ሁሉ ስልክ 2147483647 ሲሆን

አዲስ አበባ ላለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ፣ ለታካሚዎች ቀጠሯቸውን በቴክስት የሚያስታውስ ሲስተም እንከታተል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደወለች።

"ወንድሜ፣ ሰሞኑን የተመዘገበው ሰው ሁሉ ስልኩ አንድ ነው። የኢትዮጵያ ቁጥርም አይመስልም" አለችና አነበበችልኝ፦ 2147483647።

ሥራ አስኪያጁ ሲስተሙ ተጠልፏል ብለው ደንግጠዋል። እኔ ግን ቁጥሩን እንደሰማሁ አወቅኩት።

ኮምፒውተር ቁጥር የሚጽፈው በ0 እና በ1 ነው። በተለመደው አሠራር ለአንድ ሙሉ ቁጥር 32 ቦታ ይሰጠዋል። አንዱ ቦታ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን ለመለየት ይያዛል። የቀሩት 31 ቦታዎች በሙሉ 1 ሲሆኑ 2147483647 ይመጣል። 31 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መቀነስ ማለት ነው። ከዚያ በላይ አይያዝም።

ድሮ ቅጹ የፊቷን 0 ትቶ 9 አሃዝ ብቻ ይቀበል ነበር። በ9 የሚጀምረውም በ7 የሚጀምረውም ከአንድ ቢሊዮን በታች ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። በኋላ 251 ይጨመርበት ተባለ። ቁጥሩ ከ251 ቢሊዮን በላይ ሆነ። መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ነው፤ ልክ ያለፈ ቁጥር ሲመጣ አልቀበልም እንዲል አልታዘዘም። ስለዚህ ድምፁን አጥፍቶ ሁሉንም ወደ መጨረሻው ልኩ ዝቅ እያደረገ መዘገበ።

ስለ ቁጥሩ ራሱ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ በጣም የምወደው ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለምንም እኩል አይካፈልም። ይህን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ሲሆን ሥራው እ.ኤ.አ. በ1772 ታተመ። ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን! በደረቁ ለመሞከር እስከ 46,340 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ይጠይቃል። ኦይለር ግን አካፋይ ቢኖረው እንኳ፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት አሳየ። ድካሙ ከ400 ሙከራ በታች ወረደለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሰው ከሚያውቃቸው ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ይኸው ነበር።

ክሊኒኩን በተመለከተ፣ አንዴ የተቆረጠ ስልክ ከዳታቤዙ አይመለስም። በጥርስ ሕመም እየተሰቃየ ቀጠሮው ያለፈበት ሰው ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ደግነቱ የወረቀት ካርዱ ነበር። ልጅቷ ከዚያ ላይ አንድ በአንድ መልሳ አስገባች። እኛም አምዱን ወደ ጽሑፍ ቀየርነው። ስልክ ቁጥር አይደመር፣ አይባዛ፤ በሙሉ ቁጥር የሚያዝበት ምክንያት የለም።

በዚያው ሌሎቹን አምዶች ስንፈትሽ ሰዓት የሚመዘግበውም ባለ 32 ቦታ ሆኖ ተገኘ። እሱ ከእ.ኤ.አ. 1970 መግቢያ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ይቆጥራል። 2147483647 ላይ የሚደርሰው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው።

"ገና ብዙ ዓመት አለ እኮ" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"አዎ፣ ጋሼ፤ ግን አሁን ከፍተነዋል" አልኳቸው። እሱንም አብረን ቀየርነው።